ጫማ ከታች፣ ሰው ከላይ

የልጅ ልጆቼ በአንድ ነገር ይስቁብኛል። ስሜን ጠርተው ሳይጨርሱ «አለሁ!» እላለሁ። እንቅልፍ ላይም ብሆን፣ ሽንት ቤትም ብሆን፣ አኩርፌም ብሆን። በተለይ አኩርፌ ከሆነ ድምፄ ይበረታል። «አባባ እያኮረፈ አቤት የሚል ብቸኛው ሰው ነው» ይላሉ። ይሳቁ። እነሱ የድሬዳዋን ቆርቆሮ በግንቦት ወር፣ በስድስት ሰዓት፣ ከውስጥ በኩል አያውቁትም። እኔ አውቀዋለሁ።

ያኔ የሃያ አራት ዓመት ጎረምሳ ነበርኩ። ዘመኑ የጃንሆይ ነው። ጣሊያን ከወጣ ቆየት ብሏል፣ ባቡሩ ከጅቡቲ ዕቃ እያግተለተለ ድሬዳዋን ያጠግባታል። እኔ ከአሰበ ተፈሪ ደጋ ወርጄ፣ «ደጀኔ ፍራሽ ሰፊው» ተብዬ፣ መጋላ በሚባለው ሰፈር በአንዲት ጠባብ ክፍል ጥጥ እያፍታታሁ እኖራለሁ። ካገባሁ ዓመት አልሞላኝም። ሚስቴ አሰለፈች የስምንት ወር ነፍሰ ጡር ነበረች። እሷም የደጋ ልጅ ናትና ሙቀቱ ሊገድላት ነው። ቀን ቀን እርጥብ ነጠላ ደረቷ ላይ ጥላ «ደጀኔ፣ ይሄ ልጅ ተቀቅሎ ነው የሚወለደው» ትለኛለች። ትስቃለች፣ ግን ከልቧ አልነበረም።

የያኔውን ጠባዬን ካልነገርኳችሁ ታሪኩ አይገባችሁም። አኩራፊ ነበርኩ። እንዲያው ቀላል አኩራፊ አይደለሁም። አባቴ ከገዛ ወንድሙ ጋር በእርሻ ድንበር ተኮራርፎ፣ ሰባት ዓመት ሙሉ በአንድ ቤተ ክርስቲያን ሲሳለሙ ፊታቸውን አዙረው ነበር የሚተላለፉት። እኛ ቤት ኩርፊያ እንደ ጨዋነት ይቆጠር ነበር። ባለጌ ይሳደባል፣ የጨዋ ልጅ ግን ዝም ይላል ተብለን ነው ያደግነው።

በዚያ ዓመት ማዳም ሶፊያ የምትባል አርመናዊት አዋላጅ ከዚራ ሰፈር ውስጥ አንድ የድሮ የቡና መጋዘን ተከራየች። አምስት አልጋ ያለው የማዋለጃ ቤት ልታደርገው ነው። ግድግዳው ወፍራም ድንጋይ ነው፣ ደግ ነው። ጣሪያው ግን ጉድ ነው! ሹል የቆርቆሮ ጣሪያ፣ ቆርቆሮውን ደግሞ የተሸከሙት ያረጁ የባቡር ሐዲዶች። ብረት በብረት። ትልቁ ሐዲድ በጣሪያው አናት ሥር ከጫፍ እስከ ጫፍ ይሄድና ግድግዳውን በስቶ አንድ ክንድ ያህል ወደ መንገዱ ብቅ ይላል። ድሮ የቡና ጆንያ በገመድ የሚጎተተው በእሱ ላይ ነበር። ግድግዳውን የሚበሳበት ቀዳዳ ከብረቱ ይሰፋል፣ ሁለት ድመት ጎን ለጎን ያሳልፋል።

አናጢው ኢብሮ ነበር። ኢብራሂም ነው ስሙ፣ ግን ድሬዳዋ ሙሉ ስም የት አለና! የቢዮ አዋሌ ገጠር ልጅ፣ አርባ ዓመት የሞላው፣ ሽርጡን ከጉልበቱ በላይ ሰብስቦ መጋዝ ሲስብ ኦሮምኛውን፣ ሶማልኛውን፣ አማርኛውን እየቀላቀለ የሚያወራ ሰው። መጀመሪያ የተገናኘን ቀን «እንደምን አደሩ?» ብዬ በአንቱታ ሰላም አልኩት። ዞር ብሎ ከኋላው ተመለከተ። «አቦ፣ ከእኔ ጋር ሌላ ሰው አለ እንዴ?» አለኝ። ድሬ ላይ አንቱታ የለም፣ ሽማግሌውም «አንተ» ነው። እኔ ግን ያን ቀንም ትንሽ አኮረፍኩ።

ኢብሮ መጀመሪያ ወፍራም የጣውላ ኮርኒስ መታና በላዩ ሰጋቱራ ነሰነሰበት። ሰጋቱራው በጣውላው መገጣጠሚያ እየሾለከ አልጋው ላይ ዘነበ። ማዳም ራሷን ያዘች። እኔን የጠራችኝ ለአምስቱ አልጋ ፍራሽ ልታስለካኝ ነበር። ቀና ብዬ አየሁና «ማዳም፣ ለአልጋው ከመስፋቴ በፊት ለጣሪያው ልስፋለት» አልኳት። ቀልዴን ነበር። እሷ ግን አልሳቀችም፣ «ይቻላል?» አለችኝ።

ተቻለ። በኮርኒሱና በቆርቆሮው መካከል ባለው ክፍተት ውስጥ እየተንፏቀቅን፣ በአቡጀዲ የሰፋሁትን የጥጥ ፍራሽ ከቆርቆሮው ሥር በሐዲድና በሐዲድ መካከል ወጠርነው። ኢብሮ ማገር ይመታል፣ እኔ በወስፌና በሲባጎ እሰፋለሁ። ጥቂት ከሠራን በኋላ ግን ሙቀቱ ያው ነው! ኢብሮ እጁን ሐዲዱ ላይ አሳረፈና «ዋይ!» ብሎ አነሳው።

«ይሄ ነው ጉዱ» አለኝ። «ማንኪያ የፈላ ድስት ውስጥ ትተህ እጀታውን ያዘው እስቲ። ጥጡን ሙቀቱ አያልፈውም፣ በብረቱ በኩል ግን እየወረደ ነው። ብረቱንም ማልበስ አለብን።»

ስለዚህ ሐዲዶቹን እንደ አራስ ልጅ ጠቀለልናቸው። ከሁሉም ያስቸገረኝ ትልቁ ሐዲድ ግድግዳውን የሚበሳበት ቦታ ነበር። ትኩስ ነፋስ እንዳይገባ ያን ቀዳዳ በጥጥ ጠቅጥቄ፣ በጆንያ ሸፍኜ፣ ጥቅጥቅ አድርጌ ሰፋሁት። አንድ ሙሉ ቀን ፈጀብኝ። ማዳም በመሰላል ወጥታ አየችና «የመጀመሪያዋ ወላድ ሚስትህ ትሁን» አለችኝ። ደስታዬን አትጠይቁኝ።

ኢብሮ ሁለት ሕግ ነበረው። አንድ ጓደኛው ከላይ እያለ ሰዎች ሳያውቁ መሰላል ወስደውበት፣ ወድቆ እግሩ ተሰብሯል። ከዚያ ወዲህ ከኢብሮ ጋር የሚሠራ ሰው ወደ ጣሪያ ሲወጣ ጫማውን መሰላሉ ሥር ያወልቃል። «ጫማ ከታች፣ ሰው ከላይ» ይላል። መሰላሉ ሥር ጫማ ካለ መሰላሉ አይነካም። ሁለተኛው፣ መሰላሉን ከማንሳቱ በፊት ሦስት ጊዜ ይጣራል፣ «ያ ደጀኔ! ጂርታ?» በኦሮምኛ ደጀኔ ሆይ፣ አለህ ወይ ማለቱ ነው። እኔም «ጂራ!» እላለሁ፣ አለሁ። ከኦሮምኛ መጀመሪያ የለመድኩት ይህንን ነው።

አሁን ወደ ጫማዬ ልምጣ። አንድ ጫማ ነበረኝ፣ የሠርጌ። ጥቁር ቆዳ ነው፣ አማቴ ያሠራልኝ። የግራው አፍንጫ ላይ እንደ ጨረቃ የጎበጠች ጭረት ነበረችው። ሐሙስ ማታ ሥራ ጨርሼ ስወርድ የግራው የለም! ማዳም ቆማለች፣ ኢብሮ መጋዙን ዘይት ይቀባል፣ እኔ በአንድ እግር እየዘለልኩ እፈልጋለሁ። ኢብሮ ትከሻው ይንቀጠቀጣል፣ ሳቁን እያፈነ ነው። ደሜ ፈላ።

«ጫማዬን አምጣ» አልኩት።

«የትኛውን ጫማ?» አለኝ እየሳቀ። «እግርህ አብጦ ውጦት ይሆናል፣ እይ እስቲ።»

«አንተ ሌባ!» አልኩት።

እንዲህ አልኩት፣ ማዳም ፊት። ሳቁ ፊቱ ላይ ደረቀ። ተነሳ፣ ወደ ጥጡ ክምር ሄደ፣ እጁን ሰደደና ጫማዬን አወጣ። የተጣበቀበትን ጥጥ በሽርጡ ጫፍ ጠርጎ እግሬ ሥር አስቀመጠልኝ። ወላሂ፣ ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። ይቅርታ ልለው አፌ ድረስ መጣ፣ ግን የአባቴ ልጅ አይደለሁ? ዋጥኩት።

ዓርብ ጠዋት ስገናኘው ሰላም አላልኩትም፣ አላለኝም። እንደ ልማዴ መሰላሉ ሥር ጫማዬን ላወልቅ ጎንበስ አልኩና ተውኩት። «እንደገና ሊደብቀው?» አልኩ በሆዴ። ሁለቱን በክራቸው አስሬ አንገቴ ላይ አንጠለጠልኩና ወጣሁ። ኢብሮ አየኝ? አላየኝም። ጀርባውን ሰጥቶ ጣውላ እየላገ ነበር።

ያን ቀን የቀረኝ ከመንገዱ በተቃራኒ በኩል ያለው የጣሪያው ጥግ ነበር። አምስት ሰዓት ተኩል ሲሆን ኢብሮ ለጁምዓ ሶላት ለመታጠብ ዕቃውን ሲሰበስብ ሰማሁት። በሆዴ ተኝቼ እየሰፋሁ ነው። ከታች ድምፁ መጣ፦

«ያ ደጀኔ! ጂርታ?»

ሰማሁት። አጥርቼ ሰማሁት። ዝም አልኩ። «ይጣራ፣ ሦስቴ ይጣራና በአራተኛው እመልሳለሁ፣ ትንሽ ይንገብገብ» አልኩ። ወስፌዬን አንስቼ ጠበቅሁ።

ሁለተኛ አልጠራኝም።

መሰላሉ ሲረገጥ ሰማሁ። ኢብሮ ራሱን በኮርኒሱ መውጫ ቀዳዳ ብቅ አድርጎ እንኳ አላየም፣ እኔ ደግሞ ከወጠርነው ፍራሽ ጀርባ ነበርኩ። የመውጫውን መዝጊያ ገጠመው። ያ መዝጊያ የእጄ ሥራ ነው፣ ከላይ በኩል እንደ ፍራሽ በጥጥ የሰፋሁት። ከታች ያለው መቀርቀሪያ «ቀጭ» አለ። መሰላሉ የጎረቤቱ የዳቦ ቤት ነበርና ተሸክሞት ወጣ። የውጭው በር ተዘጋ።

መጀመሪያ አልደነገጥኩም፣ ተናደድኩ። «አውቆ ነው!» አልኩ። ተሳብኩና መዝጊያውን ገፋሁ። ንቅንቅ የለም። ረገጥኩት። እግሬ ጥጡ ላይ አረፈ፣ ድምፅ የለውም። ኮርኒሱ የኢብሮ ሥራ ነው፣ የኢብሮ ጣውላ ደግሞ ዝሆን ያቆማል። መዶሻ የለኝም፣ መዶሻው የእሱ ነው። በእጄ ያለው ወስፌ፣ መቀስና ሲባጎ ብቻ ነው። የውኃ ጣሳዬ ከታች መስኮቱ ላይ ተቀምጣለች።

«ኢብሮ!» ብዬ ጮኽኩ። ጩኸቴ አፌ ላይ ቀረ። አንድ ወር ሙሉ ሙቀት እንዳይገባ ብዬ የሰፋሁት ጥጥ፣ ድምፅ እንዳይወጣ ያደርግ ኖሯል። ማን አስቦት? የገዛ ሥራዬ አፌን ያዘኝ።

ድሬዳዋ በስድስት ሰዓት ምን እንደምትመስል የማታውቁ ካላችሁ፣ ከተማዋ ትሞታለች። ሱቁ ይዘጋል፣ ቢሮው ይዘጋል፣ ውሻው እንኳ ግንብ ሥር ተዘርሮ አይጮኽም። ዓርብ ደግሞ ከሶላት በኋላ ሰው ምሳውን በልቶ በርጫው ላይ ይቀመጣል፣ ጫቱን ይቅማል፣ እስከ ማታ ማንም ለሥራ አይነሳም። ኢብሮ ነገ ጠዋት ነው የሚመጣው። አሰለፈች ደግሞ ማታ ሳልገባ ስቀር ነው የምታስበው። እስከ ማታ እዚህ ከቆየሁ ሞቻለሁ፣ ይህን ለማወቅ ብዙ አልፈጀብኝም። ያላለቀው ጥግ ቆርቆሮው ራቁቱን ነው፣ እንደ ምጣድ ይፋጃል። ያለቀው በኩል ሻል ይላል፣ ግን አየር የለውም፣ ሁሉንም ቀዳዳ ጠቅጥቄዋለሁ። ላቤ መጀመሪያ እንደ ውኃ ወረደ፣ ቆየና ቆመ። ላብ ሲቆም መልካም እንዳልሆነ የድሬ ሰው ሁሉ ያውቃል።

በጀርባዬ ቆርቆሮውን ልገፋ ሞከርኩ፣ ትከሻዬን ላጠኝ። ጠባሳው ዛሬም አለ። ሐዲዱን በመቀሱ መታሁት። የተጠቀለለ ብረት ምን ድምፅ አለው? «ድፍ፣ ድፍ» ይላል። ያኔ ነው ያ ቀዳዳ ትዝ ያለኝ።

ትልቁን ሐዲድ ተከትዬ ተንፏቀቅሁ። አንድ ሙሉ ቀን የፈጀብኝን ስፌት በመቀሱ ተረተርኩት። አይ ስፌት! እጄን ረገምኩ፣ እንዲህ ማን አጥብቀህ ስፋ አለህ? ጆንያውን ገነጠልኩ፣ ጥጡን መዝዤ መዝዤ ጣልኩ። በመጨረሻ አንዲት የብርሃን ጭላንጭል ታየች፣ ከዚያ ትኩስ ነፋስ ፊቴን መታኝ። አፌን ለጥፌ ጠጣሁት። ተራራ ላይ ያለሁ መሰለኝ።

በቀዳዳው የመንገዱ ትንሽ ቁራጭ ይታየኛል። ባዶ ነው። «ሰው!» ብዬ ልጮኽ ሞከርኩ። ጉሮሮዬ ደርቆ እንደ በር ማጠፊያ ተንቋረረ። ከሩቅ የመስጊዱ አዛን ይሰማኛል። ሰው ሁሉ እዚያ ነው፣ ሁለት መቶ እርምጃ አይሞላም።

ያኔ አንገቴ ላይ የተንጠለጠለው ጫማ ደረቴን ቆረቆረኝ።

ክሩን ፈታሁት። የግራውን፣ ጭረት ያለበትን፣ በቀዳዳው አሾለኩት። እየተጋጨ ወረደና መንገዱ መሃል ወደቀ። ጫማ ከታች፣ ሰው ከላይ። የሚያልፍ ሰው ካለ ቀና ይላል አልኩ። ጠበቅሁ። ምን ያህል እንደጠበቅሁ አላውቅም። ዓይኔ ሲጨልም ምላሴን እየነከስኩ ጠበቅሁ።

መጣች። ወተቷን ሸጣ ባዶ ዕቃዋን ጀርባዋ ላይ ያዘለች ሶማሌ ሴት። ጫማውን አየችና ቆመች። ጎንበስ ብላ አነሳችው፣ ገለባበጠችው። ወደ ግራ አየች፣ ወደ ቀኝ አየች። «ቀና በይ፣ እናቴ፣ ቀና በይ» እላለሁ፣ ድምፄ አይወጣም። ከንፈሬ ብቻ ይንቀሳቀሳል። ለራሷ አንድ ነገር በሶማልኛ አጉተመተመችና፣ ጫማዬን ይዛ ሄደች።

ሄደች! ለእግሯ የማይሆን፣ ለገበያ የማይሆን፣ ነጠላ ጫማ ይዛ ሄደች። ሳቄ ይሁን ለቅሶዬ አላወቅሁትም፣ አንድ ነገር ከውስጤ ወጣ። አንድ ጫማ ቀረኝ።

ሁለተኛውን አሁን ልጣለው? ማን ያየዋል? ደረቴ ላይ አቀፍኩት። አሰለፈችን አሰብኳት። እዚህ ክፍል ውስጥ፣ ከእኔ ሥር፣ አምስት ክንድ ዝቅ ብሎ ትወልዳለች የተባለችበት አልጋ አለ። ልጄ በዚህ ጣሪያ ሥር ሲወለድ አባቱ ከጣሪያው ሞቶ ወረደ ይባላል። ስለምን? ስለ ኩርፊያ። ከኢብሮ ጋር አንድ ወር ከአንድ ጣሳ ውኃ ጠጥተናል፣ ጥጥ ውስጥ ጎን ለጎን ተንከባለልናል፣ እኔ ግን ሲጠራኝ ዝም አልኩት። «ጂራ» ማለት ምን ነበረበት? ጌታዬ ሆይ፣ አንድ ጊዜ ብቻ ይጥራኝ አልኩ። አንድ ጊዜ ብቻ።

ከዚያ በኋላ ያለውን በደንብ አላስታውስም። ፊቴን ቀዳዳው ላይ ጥዬ ነበር። እንቅልፍ ይሁን ሌላ ነገር እያወረደኝ ሳለ፣ ከታች ሩጫ ሰማሁ። ባዶ እግር የሚሮጥ ሰው።

«ያ ደጀኔ! ጂርታ?»

ዓይኔን ገለጥኩ። ኢብሮ መንገዱ መሃል ቆሞ ቀና ብሏል። ነጭ የጁምዓ ልብሱን ለብሷል፣ በእጁ የግራ ጫማዬን ይዟል።

«ያ ደጀኔ! ጂርታ?» ድምፁ ተሰነጠቀ።

«ጂራ» ልል አፌን ከፈትኩ። ምንም የለም። አየር ብቻ። ሦስተኛ ጠራኝ፣ «ደጀኔ! አላህን ይዤሃለሁ፣ አለህ?» መልስ ሲያጣ ጭንቅላቱን ያዘ። ፊቱን ወደ ዳቦ ቤቱ ሊያዞር ሲል፣ ያለኝን ኃይል አጠራቅሜ የቀኙን ጫማ በቀዳዳው ገፋሁት። እግሩ ሥር ወደቀ።

ኢብሮ ጫማውን አየ፣ እኔ ያለሁበትን አየ። ከዚያ የጮኸው ጩኸት! የዳቦ ቤቱ ሰዎች፣ ከመስጊድ የወጡት፣ ምሳ ላይ የተቀመጠው ሁሉ ነቅሎ መጣ። ለበሩ ቁልፍ ይፈለግ የሚል ነበር፣ ኢብሮ ግን ራሱ የገጠመውን በር በትከሻው ገነጠለው። መሰላሉን አራት ሰው ተሸክሞ አስገባ። እንደ ጥጥ ጆንያ ትከሻው ላይ ጥሎ ነው ያወረደኝ።

ነፍስ ስዘራ ማዳም እርጥብ ጨርቅ ራሴ ላይ እያደረገች ውኃ በማንኪያ ታጠጣኛለች። አሰለፈችን ጠርተዋት ሆዷን ይዛ አጠገቤ ተቀምጣለች፣ አንዴ ትስመኛለች፣ አንዴ ትመታኛለች። ኢብሮ ግድግዳውን ተደግፎ መሬት ላይ ቁጭ ብሎ ያለቅሳል።

በኋላ ነገሩን ከእሱ ሰማሁት። ወተት ሻጯ ጫማውን መንገድ ላይ ስታገኝ፣ «ሰው ለሶላት ሲሮጥ ከእግሩ የወለቀ ነው፣ አላህ ይርዳው» ብላ መስጊዱ ደጅ፣ ከሰጋጆቹ ጫማ መደዳ መጨረሻ ላይ ታስቀምጠዋለች። ሶላቱ አለቀ፣ ሰው ሁሉ ጫማውን እያጠለቀ ወጣ። ኢብሮ ከወዳጆቹ ጋር ግቢው ውስጥ ሲጫወት ቆይቶ ሲወጣ፣ ደጁ ላይ አንድ የግራ ጫማ ብቻዋን ቀርታለች። አፍንጫዋ ላይ ጭረት አላት። ትናንት በሽርጡ የጠረጋት ጫማ ናት።

«ያንተ መሆኗን አወቅሁ» አለኝ። «የክርስቲያን ጫማ መስጊድ ምን ይሠራል ብዬ ልስቅ ነበር። መሰላሉን ሳነሳ ሥሩ ጫማህን ስላላየሁ ሄደሃል ብዬ ነበር፣ ያኔ ሕጋችን ትዝ አለኝ። ጫማህ ከታች ከሆነ አንተ የት ነህ? የራሴን ጫማ እዚያው ትቼ ሮጥኩ።» ፊቱን ጠረገና፣ «ለምን ዝም አልክ? ስጠራህ ምነው አልሰማኸኝም?» አለ።

መዋሸት እችል ነበር። ተኝቼ ነበር ማለት ይቻላል። «ሰምቼሃለሁ» አልኩት። «አኩርፌ ነበር።»

ኢብሮ መሬት መሬት አየ፣ ከዚያ ቀስ ብሎ፣ «ሁልጊዜ ሦስት ጊዜ ነው የምጠራው» አለ። «ዛሬ አንድ ጊዜ ጠርቼ ተውኩህ። እኔም አኩርፌ ነበር። ሌባ ብለኸኝ ሌሊቱን ሙሉ እንቅልፍ አልወሰደኝም።»

ያን ጊዜ ይቅርታ አልኩት። ትናንት የዋጥኩትን ቃል። ጉሮሮዬ ቢቆስልም ያን ቃል አወጣሁት። ኢብሮ ተነስቶ ሁለቱንም ጫማ አመጣና እግሬ ላይ አጠለቀልኝ። «አቦ፣ ከአሁን በኋላ ጫማህን የደበቅሁ እንደሆነ እጄ ይቆረጥ» አለ። ከዚያ፣ «መቀስህን ላለመደበቅ ግን አልምልም» አለ። አሰለፈች በእንባዋ ላይ ሳቀች።

ቀዳዳውን በሳምንቱ እንደገና ሰፋሁት። ሐዲዱን ሁሉ አልብሰን ጨረስን። በሰኔ፣ ስምንት ሰዓት ላይ፣ ውጭ ድንጋይ በሚሰነጠቅበት ፀሐይ፣ ሴት ልጄ እዚያ ተወለደች። ማዳም እንደተናገረችው የመጀመሪያዋ ናት። ኢብሮ ከበሩ ላይ ቆሞ የክፍሉን ግድግዳ ከውስጥ በእጁ እየዳሰሰ «ቀዝቃዛ ነው፣ ወላሂ ቀዝቃዛ ነው» ይላል፣ ልጄን ከማየቱ በፊት።

እናንተ ይህን የምታነቡ፣ አትኮራረፉ አልላችሁም። ሰው ነን፣ እንኮራረፋለን፣ እኔም ዛሬ ድረስ አልፎ አልፎ ይነሳብኛል። የምለምናችሁ አንድ ነገር ብቻ ነው። ሲጠሯችሁ መልሱ። ፊታችሁን አዙራችሁም ቢሆን፣ በቁጣም ቢሆን፣ «አለሁ» በሉ። የጠራችሁን ደግሞ አንዴ ጠርቶ እንዳይተው አደራ በሉት። እኔን አባቴ ያስተማረኝ ዝምታ የጨዋ ነው ብሎ ነበር። እዚያ ጥጥ ውስጥ ዝምታን ጠገብኩት፣ ጨዋነቱን አላየሁም። በዚያው ዓመት ወደ ደጋ ወጥቼ አባቴንና አጎቴን በአንድ ገበታ አስቀመጥኳቸው። እንዴት እንደሆነ ሌላ ታሪክ ነው፣ ግን ተቀመጡ።

ከዚያ ወዲህ ኢብሮ በየዓርቡ ከጁምዓ ሲመለስ በቤቴ በር ያልፋል። አይገባም። ከአጥሩ ውጭ ቆሞ «ያ ደጀኔ! ጂርታ?» ይላል። «ጂራ!» እለዋለሁ። ይሄዳል፣ በቃ። ልጆቼ በዚህ ድምፅ ነው ያደጉት። ብዙ ዓመት እንዲህ ቆየን።

አንድ ዓርብ ድምፁ ቀረ። ሰዓቱ አለፈ፣ ምሳው ቀዘቀዘ። አሰለፈች አየችኝ፣ እኔም አየኋት። ተነስቼ ወደ ቤቱ ሄድኩ። ልጆቹ ከበውታል፣ ሁለት ቀን አንድ ቃል አልተናገረም፣ ሰው አይለይም አሉኝ። ደጁ ላይ ጫማዬን አወለቅሁ። ገባሁና ራስጌው ቁጭ አልኩ።

«ያ ኢብሮ! ጂርታ?» አልኩት። ዝም አለ።

«ያ ኢብሮ! ጂርታ?» አሁንም ዝም አለ። ታላቅ ልጁ ክንዴን ያዘኝ፣ «ተወው፣ አይሰማህም» አለኝ። አልተውኩትም፣ ሦስት ጊዜ ነው ሕጉ።

«ያ ኢብሮ! ጂርታ?»

ዓይኑን ሳይገልጥ፣ ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ።

«ጂራ» አለኝ።